ሁሉም ሰው ያየዋል የሚባለው አኒሜ ሬቲንጉ ለምን ዝቅ ይላል?

ባለፈው እትም ስለ ቴሌቪዥን ሬቲንግ፣ አንድን ፕሮግራም ከመቶ ስንቱ እንደሚያየው ስለሚነግረው ቁጥር፣ ሁለት መስመር ጽፈን ብናልፍ ደብዳቤ ጎረፈብን። አብዛኛው የመጣው ከአኒሜ (ከጃፓን ካርቱን) ወዳጆች ነው፣ ግማሾቹም ተናደዋል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ልንኳረፍ ምንም አልቀረንም። እኔ ጃፓን ውስጥ ዋን ፒስን የሚያህል አኒሜ የለም እላለሁ። እሱ ስልኩን አውጥቶ የጃፓኖቹን የአኒሜ ሬቲንግ ዝርዝር አሳየኝ። አናቱ ላይ የተቀመጠው ሰምቼው የማላውቀው «ሳዛኤ-ሳን» የሚባል ነገር ነው፣ ዋን ፒስ ከሱ በጣም ርቆ ከታች ነው ያለው። ውሸት ነው አይደል? ለመሆኑ ማንን ጠይቀው ነው ይሄን የሚያወጡት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛህ አልዋሸህም። አንተም ብዙ አልተሳሳትክም፣ የምትከራከሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ጃፓን ውስጥ ሬቲንግ የሚለካው ቪዲዮ ሪሰርች የሚባል ድርጅት ነው፣ በ1962 የተቋቋመ። የአሜሪካው ኒልሰንም እዚያው ይለካ ነበር፣ በ2000 ግን ጓዙን ጠቅልሎ ከዚያ ሥራ ወጣ። ቪዲዮ ሪሰርች ስልክ ደውሎ «የትኛውን ትወዳለህ?» አይልም። በዕጣ የተመረጡ ቤቶች ይሄድና ቴሌቪዥኑ አጠገብ መሣሪያ ያስቀምጣል። መሣሪያው የትኛው ቻናል ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ደቂቃ በደቂቃ ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው ደግሞ የራሱ ቁልፍ አለው። አባት መጥቶ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ የሱን ይጫናል፣ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ የሷን፣ አያትም ረስተው ካላንቀላፉ የሳቸውን። ዕድሜው 4 ዓመት ከሞላ ይቆጠራል።

አሁን እሑድ አመሻሽ ላይ ያለ አንድ የጃፓን ቤት አስብ። እራት ሊቀርብ ነው። ቴሌቪዥኑ እንደሁ ቀድሞም ተከፍቷል። ሳዛኤ-ሳን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፣ ከጥቅምት 1969 ጀምሮ በፉጂ ቲቪ ላይ፣ በረጅም ዕድሜውም ጊነስ መዝግቦታል። ድብድብ የለበትም፣ ዓለምን የሚያድን ጀግናም የለም። አንዲት የቤት እመቤት፣ ባሏ፣ ልጇ፣ ወላጆቿና ታናናሾቿ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ነው። መጨረሻ ላይ ሳዛኤ ወደ ተመልካቹ ዞራ «ወረቀት፣ መቀስ፣ ድንጋይ» ትጫወታለች፣ ልጆችም ከስክሪኑ ፊት ቆመው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ነገ ሰኞ መሆኑ ትዝ ብሎት ሆዱ ባር ባር የሚለው ሠራተኛ ብዙ ስለሆነ «የሳዛኤ-ሳን በሽታ» ብለው ስም አውጥተውለታል። በመስከረም 1979 ሬቲንጉ 39.4 በመቶ ደርሶ ነበር። ዛሬ የዚያን ሩብ እንኳ ቢያገኝ ዘመኑን አይተህ ጥሩ ነው ትላለህ።

ዋን ፒስ ደግሞ ከ2006 እስከ 2024 ሲታይ የኖረው እሑድ ጠዋት ነው። ያንተ ዕድሜ ያለው ጃፓናዊ እሑድ ጠዋት ተኝቷል። ቀድቶ ከሰዓት ያየዋል፣ ወይ ባቡር ውስጥ በስልኩ። ዝርዝሩ ላይ የምታየው ቁጥር ግን የሚቆጥረው በሚተላለፍበት ሰዓት የተከፈተውን ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ቀድቶ የሚያየውን ከ2015 ጀምሮ ይለኩታል፣ ግን ለብቻው፣ በሌላ ሠንጠረዥ። ስለዚህ ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ ሬቲንግ በዚያች ሰዓት ስንት ቤት ያን ቻናል እንደከፈተ ነው የሚነግረን፣ ማን ማንን እንደሚወድ አያውቅም።

ጥያቄ፦ የሚለኩት 2,700 ቤት ነው ሲባል ሰማሁ። ቶኪዮና ዙሪያዋ እኮ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ያለው! ይሄ ቀልድ ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። ካንቶ በሚባለው በቶኪዮና በዙሪያዋ ክልል ከ2020 ጀምሮ 2,700 ቤት ነው። ከዚያ በፊት 900፣ እስከ 2016 ድረስ ደግሞ 600 ብቻ ነበር። ግን ቀልድ አይደለም። እናትህ ወጡ ጨው እንዳለው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጨርስም። ጭልፋውን አማስላ ታወጣና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ካላማሰለች ግን የቀመሰችው ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ነው። ድርጅቱም ቤቶቹን በዕጣ የሚመርጠው፣ በየጊዜው የሚቀያይረው፣ ሚዲያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ያለበትን ቤት የማያስገባው ለማማሰል ብሎ ነው።

ቅምሻ ግን ቅምሻ ነው። ከ2,700 ቤት 10 በመቶ ያገኘ ፕሮግራም እውነተኛው ቁጥሩ ከ8.8 እስከ 11.2 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። በ600 ቤት ዘመን ይሄ ክፍተት ከ7.6 እስከ 12.4 ይሰፋ ነበር! እና አንዱ 10.1፣ ሌላው 9.8 አግኝቶ «አሸነፍን» ብሎ የሚጨፍር ጣቢያ ካየህ ዝም ብለህ እለፈው።

የ600ውን ነገር ካነሳን ይቺን ሳልነግርህ አላልፍም። 1 በመቶ ማለት ያኔ 6 ቤት ነበር። ስድስት ቤት! ቀበሌህ ውስጥ ካለች አንዲት ቅያስ ያነሰ። በ2003 የኒፖን ቲቪ አንድ ፕሮዲውሰር ይቺን ሒሳብ ሠራ። መሣሪያ ያለባቸው ቤቶች አድራሻ ጥብቅ ምስጢር ስለሆነ የግል መርማሪ ቀጠረ፣ መርማሪዎቹም የቪዲዮ ሪሰርችን መኪና ከኋላ እየተከተሉ የሚቆምበትን በር መዘገቡ። ከዚያ የተወሰኑ ቤቶችን አግኝተው የኔን ፕሮግራም እዩልኝ፣ ይቺን ለሻይ በሚል ዓይነት ስጦታና ገንዘብ አቀረቡላቸው። ነገሩ ጥቅምት ላይ ፈነዳ፣ ሰውየው ተባረረ፣ ጣቢያው ሕዝብ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። እኔን የሚገርመኝ ማጭበርበሩ ሳይሆን ድካሙ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ፕሮግራሙ ላይ ቢያወጣው ምናለ?

ጥያቄ፦ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ። የቤት ሬቲንግና የግለሰብ ሬቲንግ የሚባሉትን እየቀላቀሉ የሚጽፉ ሰዎች ያበሳጩኛል። እስቲ ለአንባቢ አስረዱልኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እርስዎ ከኛ በላይ ያውቁታል፣ ግን እሺ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ነው እንበል። አያት ብቻቸውን ሳሎን ቁጭ ብለው ሳዛኤ-ሳን ያያሉ፣ ሌሎቹ አራቱ በየክፍላቸው ስልክ ላይ ናቸው። በቤት ሬቲንግ ያ ቤት «አየ» ተብሎ ሙሉ ይቆጠራል። በግለሰብ ሬቲንግ ከአምስት አንድ ነው። ስለዚህ የቤቱ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፣ ለወሬም ያምራል። ጋዜጦች እሱን የሚወዱት ለዚህ ነው።

ሳሙና ወይ ጌም የሚሸጠው ሰው ግን ማን እንዳየ ነው የሚፈልገው። ከ2020 ወዲህ ጣቢያዎቹም ዓይናቸውን ወደ ግለሰቡ አዙረዋል። ኒፖን ቲቪ እንዲያውም ከ13 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ለይቶ ዋና ዒላማዬ ናቸው ብሎ ይሠራል። አኒሜን በዚህ ዓይን ካዩት መልኩ ይቀየራል፣ በቤት ሬቲንግ ትንሽ የሚመስለው ፕሮግራም በወጣቶቹ መካከል ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሬቲንግ ወድቆ የተገደለ፣ በኋላ ግን የተቆጨበት አኒሜ አለ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኦ! ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

ስፔስ ባትልሺፕ ያማቶ በ1974 ሲጀምር 39 ክፍል ነበር የታቀደለት። ዕድሉ ሆኖ በዚያው ሰዓት በሌላ ቻናል «ሃይዲ» ነበረች፣ የአልፕስ ተራራዋ ልጅ። ያኔ ገና ወጣት የነበረው፣ በኋላ ታዋቂ የአኒሜ ዳይሬክተር የሆነው ሚያዛኪ ሃያኦም የሠራበት ነው። ቤት ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ፕሮግራም፤ ማን እንዳሸነፈ መገመት አያቅትህም። ያማቶ በ26 ክፍል ተቆረጠ። ከዚያ ሲደገም ሲደጋገም ሰው ወደደው፣ በ1977 ወደ ፊልም ተቀይሮ ሲኒማ ሲገባ ወጣቱ በር ላይ ተሰለፈ።

የግዙፍ ሮቦቶቹ አኒሜ ጉንዳም ደግሞ ይብሳል። በሚያዝያ 1979 ተጀመረ፣ 52 ክፍል ሊሆን ታስቦ በ43ኛው ጥር 1980 ላይ አበቃ። ሬቲንጉ ዝቅ አለ፣ ስፖንሰሩ የአሻንጉሊት ድርጅት ነበርና አሻንጉሊቱም እንደታሰበው አልተሸጠም። አስበው፣ ታሪኩ ስለ ጦርነት ክፋት ነው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ለትንንሽ ልጆች ሮቦት መሸጥ የሚፈልግ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ባንዳይ የተባለ ሌላ የአሻንጉሊት ድርጅት ተገጣጣሚ ሞዴሎቹን አወጣ፣ ገበያው አበደ። የቀረውን ታውቀዋለህ፦ በ2009 ቶኪዮ ኦዳይባ ላይ 18 ሜትር ቁመት ያለው ጉንዳም ቆመ። በሬቲንግ የወደቀ ነገር ሐውልት ሲቆምለት እንግዲህ!

በእርግጥ መሣሪያው አልዋሸም። ያን ሰሞን በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው አላየውም፣ በቃ። ሲደገም የሚመጣውን ሰው መሣሪያው ከየት ያውቀዋል?

ጥያቄ፦ ሌሊት 7 ሰዓት፣ 8 ሰዓት ላይ የሚተላለፍ አኒሜ ለማን ነው? ስፖንሰር ያብዳል እንዴ? (ከደሴ)

መልስ፦ የሌሊቱ አኒሜ በሬቲንግ አይኖርም። አሳታሚው፣ ሙዚቃ ድርጅቱ፣ ዕቃ ሻጩ፣ አንዳንዴም ጣቢያው ገንዘብ አዋጥተው ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ዕቁብ በለው። ብዙ ጊዜ የአየር ሰዓቱን ራሳቸው ይገዛሉ። ስርጭቱ ለእነሱ ማስታወቂያ ነው። ትርፉ ድሮ ከዲቪዲ ነበር፣ ዛሬ ከስትሪሚንግ፣ ከዕቃና ከውጭ አገር። በ2023 የአኒሜ ገበያ ከ3.3 ትሪሊዮን የን አልፏል፣ ከግማሽ በላዩም ከጃፓን ውጭ የመጣ ነው።

ዲመን ስሌየርን እይ። በ2019 እንደ ቶኪዮ ኤምኤክስ ባሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ሌሊት ነበር የሚታየው። በቀጣዩ ዓመት ፊልሙ ወጥቶ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገባና በጃፓን ታሪክ አንደኛ ሆነ። በመስከረም 2021 ፉጂ ቲቪ ያንኑ ፊልም ቅዳሜ ማታ ሲያሳየው የቤት ሬቲንጉ 21.4 በመቶ ወጣ። ተመልካቹ ጠፍቶ አያውቅም ነበር፣ መሣሪያው ካለበት ሰዓትና ቻናል ውጭ ነበር የተቀመጠው እንጂ። እኛንም ብትለን በዲሽ ስፔስቱን በሚባለው የልጆች ቻናል ላይ የኳሱን አኒሜ ካፒቴን ማጂድን በማይገባን ዓረብኛ እያየን ኳስ ስንለማመድ የቆጠረን መሣሪያ የለም።

ጥያቄ፦ ዋን ፒስ ሰዓቱ ተቀየረ ሲሉ ሰማሁ። በጃፓን እሑድ ማታ 11:15 ነው ካሉ በኛ ስንት ሰዓት ይሆናል? ሒሳቡ ጠፋብኝ። (ከአዳማ፣ ያው የመጀመሪያው ጠያቂ)

መልስ፦ ልክ ነህ፣ በሚያዝያ 2025 ከእሑድ ጠዋት ወደ እሑድ ሌሊት ተዛውሯል። ሒሳብ ግን አያስፈልግህም። ጃፓን ከኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፣ እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከፈረንጁ 6 ሰዓት አጉድለን ነው። ስለዚህ በሀበሻ የተሞላ የግድግዳ ሰዓትና ቶኪዮ ያለ የግድግዳ ሰዓት ላይ ቆጣሪዎቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ናቸው። እዚያ ማታ 11:15 ሲል ያንተም 11:15 ይላል፣ ያንተ ግን የቀን ነው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። እናም ከጓደኛህ ጋር ከታረቃችሁ እሑድ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ቡና አስፈሉ።