«እህቴ በግድ ታጎርሰኛለች»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከወለድኩ በኋላ ወርዷል፤ ሐኪሜ ግን «አመጋገብሽን ካላስተካከልሽ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ አልጠጣም፣ እንጀራ ቀንሻለሁ፣ ቅቤ የበዛበት ነገር ትቻለሁ። በአንድ ዓመት 11 ኪሎ ቀነስኩ። ጠዋትና ማታ እመዘናለሁ። ቤቴ ውስጥ ችግር የለብኝም፤ ችግሬ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታላቅ እህቴ (እታለም ነው የምንላት) ሁላችንንም ሰብስባ ምግብ ቤት ትወስደናለች፤ ብዙ ጊዜ ክትፎ ቤት ነው። ለሁሉም የምታዘው እሷ ናት። አልበላም ስላት «ከሳሽ እኮ፣ ፊትሽ ጠፋ፣ ሰው ምን ይላል» ትልና በግድ ታጎርሰኛለች። አንድም ሁለትም አይበቃትም። አንድ እሑድ እንደዚያ ጎርሼ ተመልሼ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አሁን የራሴን ሰላጣ በምሳ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር ሲበዛብኝ ጊዜ፣ ክትፎው ውስጥ ስንት ቅቤ እንዳለና ልባቸውን ምን እንደሚያደርገው ነገርኳቸው። እህቴ መልስ አልሰጠችኝም። ምግቡ ሳያልቅ እጇን ታጥባ ወጣች፤ ሒሳቡን ግን ከፍላ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትደውለው ለባለቤቴ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሷ ወፍራም ስለሆነች የምትቀናብኝ ይመስለኛል። እናታችን የሞተችው እኔ 7 ዓመቴ፣ እሷ 19 ዓመቷ ሳለ ነው፤ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ቆርጬ መናገር አልችልም። የስኳሩን ነገር የሚያውቀው ባለቤቴ ብቻ ነው። ሳላስቀይማት እንዴት እምቢ ልበላት?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ በዋናው ነገር ልክ ነሽ፤ ከዚያ ልጀምር። በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ ብሎ የተገኘ ሴት፣ ከወለደች በኋላ ቢወርድላትም እንኳ፣ በኋላ ዘመኗ ዓይነት 2 በሚባለው የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ተለኪ የሚሉት ለዚህ ነው። አመጋገብሽን ማስተካከልሽ ቅንጦት አይደለም። ማንም፣ ያሳደገችሽም ብትሆን፣ ያንን ልታስተውሽ አይገባም።

«ትቀናብኛለች» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቅናት ፈልጌ አጣሁ። ያገኘሁት በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ያለፍሽውን ነው፦ «ምግቡ ሳያልቅ እጇን ታጥባ ወጣች፤ ሒሳቡን ግን ከፍላ ነበር።» ቀናተኛ ሰው እንዲህ አይወጣም። እንዲህ የሚወጣው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ነው፤ ያውም ተጎድቶም ቢሆን የማብላት ኃላፊነቱን ያልጣለ።

እስቲ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ቤተሰባችሁ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት፣ ነቢያትን፣ ፍልሰታን ስትደምሪ አንድ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። በእነዚያ ቀናት እታለም ሥጋ አጉርሳሽ ታውቃለች? አታውቅም። በጾም ቀን አንድ ሰው «ጾም ነኝ» ካለ ጋባዡ ራሱ ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቃል፤ «ውይ፣ የጾም ላምጣልህ» ይላል። ማንም አይቀየምም፤ ፊትሽ ጠፋ የሚልም የለም። እንግዲህ «እኛ አገር ምግብ እምቢ ማለት አይቻልም» የሚባለው እውነት አይደለም። የዓመቱን ግማሽ ያህል እምቢ ስንል ነው የምንኖረው፤ ያውም በክብር።

ታዲያ የጾሙ እምቢታ የማያስቀይመው፣ ያንቺው የሚያስቀይመው ለምንድን ነው? እኔ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። ጾመኛው ለምን እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ደግሞም ብቻውን አይደለም፤ ሽሮውንና ምስር ወጡን ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። አንቺ ግን ምክንያትሽን ከባለቤትሽ በቀር ለማንም አልነገርሽም፤ ከትሪውም ወጥተሽ በምሳ ዕቃሽ ለብቻሽ ትበያለሽ።

ምክንያቱ ያልተነገረ እምቢታ ክፍት ቦታ ነው፤ ሰው ደግሞ ክፍት ቦታን የሚሞላው በሚፈራው ነገር ነው። እታለም ምን እንደምትፈራ በራሷ አንደበት ነግራሻለች፤ አንቺም ጽፈሽልኛል፦ «ከሳሽ፣ ፊትሽ ጠፋ፣ ሰው ምን ይላል።» አንቺ ይህን የሰማሽው እንደ ነቀፋ ነው። እኔ በዚህች ከተማ የዚያን ዘመን ሰው ሆኜ ስሰማው ሌላ ነገር ይሰማኛል። እናታችሁ በሞተችባቸው ዓመታት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ «ከሳች» የሚለው ቃል በየሰፈሩ በሹክሹክታ የሚነገር ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የሰው ፊት ሲከሳ ያየ ሁሉ ልቡ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነበር። እናታችሁ በምን እንደሞተች አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልገምትም። ግን የሞተችው በምንም ይሁን በምን፣ የ19 ዓመቷ ልጅ ያደገችው ክሳት ጤና ሳይሆን የመጥፎ ዜና መጀመሪያ በነበረበት ጊዜ ነው።

ያቺን የ19 ዓመት ልጅ ለአንድ አፍታ አስቢያት። እናት ሞታለች፤ ቤቱ ውስጥ የ7 ዓመት ሕፃን አለች። የሐዘን ምክር የሚሰጥ ሰው የለም፤ ለሕፃን ሞትን የምታስረዳበት ቃል የላትም፤ ምናልባት ራሷም አልቅሳ አልጨረሰችም። ምን ማድረግ ትችላለች? ማብላት ትችላለች። ሕፃኗ ከበላች ነገ ትነሣለች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እፎይ ትላለች። ይህ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ዓመት ብቻ አልነበረም፤ አንቺ ትዳር እስክትይዢ ቀጥሏል። እንዲህ የኖረ ሰው ውስጥ «ልጅቷ በላች» እና «ልጅቷ ደህና ናት» አንድ ነገር ይሆናሉ። ዛሬ አንቺ 34 ዓመት ሞልቶሽ፣ የራስሽን ልጆች እያበላሽ እንኳ፣ እሑድ ላይ ትሪው ቀርቦ እጅሽን ስትሰበስቢ እሷ ውስጥ የሚነቃው ያ የድሮ ፍርሃት ይመስለኛል። ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? የእሷ ጉርሻ ግን ከፍቅርም በላይ ነው፤ ገና ደህና መሆንሽን በእጇ እየፈተሸች ነው።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ሲበዛብሽ ስለ ቅቤው ተናገርሽ፤ ልባቸውን ምን እንደሚያደርገው ነገርሻቸው። ለአንቺ ጉዳይ ዋነኛው ግን ክትፎው አልነበረም። ቅቤው የራሱ ጣጣ ቢኖረውም፣ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ የሚያደርጉት እንጀራው፣ ቆጮውና ለስላሳው ናቸው፤ ይህን ሐኪምሽ ነግራሻለች፣ አንቺም በደንብ ታውቂዋለሽ። ይህን የማነሳው አንቺን ለመክሰስ አይደለም። በዚያች ጠረጴዛ ላይ ስለ እነሱ ልብ ተናገርሽ፣ ስለ ራስሽ ስኳር ግን ዝም አልሽ፤ ይህን እንድታዪው ብዬ ነው። እጇ ትሪው ላይ እያለ፣ በሰበሰበቻቸው ቤተሰቦቿ ፊት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያበላችው ምግብ ጎጂ እንደሆነ ሰማች። የአንቺን ፍርሃት ብትሰማ ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር አንቺው ታውቂያለሽ። ይመስለኛል ያልነገርሻትም ለዚሁ ነው፤ ትደነግጣለች፣ እንደገና ሕፃን ታደርገኛለች ብለሽ። ይህ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ምን እንደምትበዪ ራስሽ መወሰን ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው፤ ምናልባትም ከእታለም እጅ ወጥተሽ በራስሽ የቆምሽበት የመጀመሪያው ነገር ነው። እሱን መልሰሽ እንድታስረክቢ አልጠይቅሽም። ምስጢሩ ግን ጥበቃ አልሆነልሽም፤ ጠብ ነው ያመጣብሽ።

«አልበላም ማለት ይቸግረኛል» ብሎ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን እንደማትበላ ያውቃሉ?» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ስለዚህ የጠየቅሽኝን «እንዴት እምቢ ልበላት» ወደ ጎን ትቼ፣ «እንዴት ልንገራት» የሚለውን ልመልስልሽ። ክትፎ ቤት ውስጥ አይሁን፤ በስልክም፣ በባለቤትሽ በኩልም አይሁን። በሥራ ቀን ቤቷ ሂጂ፤ ቡና ታፍላ። ስለ ቅቤው ይቅርታ ጠይቂያት፤ ከዚያ የተገኘብሽን ንገሪያት። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያት። ሐኪምሽ «በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ ወይ?» ብላ ጠይቃሽ ይሆናል፤ ካልጠየቀችሽም ትጠይቅሻለች። የእናታችሁን ሕመም ከአንቺ የተሻለ የምታውቅ፣ ምናልባትም በሕይወት ካሉት ሁሉ በደንብ የምታውቅ፣ እታለም ናት። አንቺ የ7 ዓመት ልጅ ስለነበርሽ ማንም አላስረዳሽ ይሆናል። ይህ መረጃ ለጤናሽ ያስፈልግሻል፤ የእናትሽንም ታሪክ ማወቅ ያስፈልግሻል። ስለ እናታችሁ አንድም ቀን ተቀምጣችሁ ተነጋግራችሁ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ማወቅ አልቻልኩም። ካልተነጋገራችሁ ለእሷም ቀላል አይሆንም፤ ብታለቅስ ወይም ወሬውን ብትቀይር አትቸኩዪ፤ ሌላ ቀን ተመለሺ። እሷ ራሷም ለመጨረሻ ጊዜ የተለካችው መቼ እንደሆነ ብትጠይቂያት መልካም ነው፤ ጥያቄው እንደ ትምህርት እንዳይሰማት ግን አብራችሁ ሂዱ።

ለእሑዱ ጥቂት ልበል፤ ሁሉም ቤተሰብ ላይ እኩል ይሠራል ብዬ አይደለም። ክትፎ ከጎመንና ከአይብ ጋር ስለሚቀርብ፣ ወደ አንቺ በኩል ያለውን የትሪውን ዳር ጎመን አድርጊው፤ ከእንጀራውም ከቆጮውም ትንሽ ቁረሺ፤ በለስላሳው ፈንታ ውኃ ይምጣልሽ። አንዳንድ ጊዜም ማዘዙን አንቺ ለምኛት፤ በያይነቱ ሲመጣ ሁላችሁንም ያጠግባል። ጉርሻውን በተመለከተ፣ ከመጣ በኋላ ከመከላከል ቀድሞ መጠየቅ የሚቀል ይመስለኛል፤ «እታለም፣ ከጎመኑ አጉርሺኝ» በያት። ጎመኑን ተቀብለሽ ደግሞ አንቺ አጉርሺያት። በደብዳቤሽ ውስጥ እሷ አንቺን ደጋግማ ስታጎርስ አየሁ፤ አንቺ እሷን ያጎረስሽበት ቦታ ግን የለም። ጉርሻ ተመላሽ ነው፤ ከሰጪው ብቻ ሲመጣ ነው ግዴታ የሚመስለው።

ከነገርሻት በኋላም በግድ ማጉረሷን ብትቀጥል፣ ፍቅር ነው ብለሽ ብቻ አትዋጪው። እጇን በቀስታ ይዘሽ «ሐኪሜ ያለችውን ነግሬሻለሁ» ማለት መብትሽ ነው፤ አንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ በየሳምንቱ። በአንድ ጊዜ አይገባትም። የሃያ ሰባት ዓመት ልማድ በአንድ እሑድ አይለቅም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ጠዋትና ማታ እመዘናለሁ ብለሻል፤ ጥቂት ጉርሻ ስለጎረስሽ ሌሊቱን አልተኛሁም ብለሻል። ለሐኪምሽ የሚያስፈልጋት የስኳርሽ ልኬት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ መመዘኑ ግን ከጤና ጥበቃ ይልቅ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። እናቷን በ7 ዓመቷ ያጣች፣ አሁን ደግሞ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት «እኔም ብታመም ልጆቼስ?» ብላ ብትጨነቅ ምንም አይገርመኝም። ይህን በደብዳቤ መመለስ አልችልም፤ መሞከርም የለብኝም። እባክሽ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ የምትታከሚበት ሆስፒታል የሥነ ምግብ ባለሙያ ካለውም አነጋግሪ፤ ምን ያህል እንደሚበቃሽ ሰው አስልቶ ሲነግርሽ ፍርሃቱ ቀለል ሊልሽ ይችላል።

የሚቀጥለው እሑድ እታለም ላትደውልልሽ ትችላለች። አንቺ ደውይላት፤ «የት ነው የምንበላው?» ብለሽ ጠይቂያት። ምሳ ዕቃውን ግን ቤት ተዪው።