የእንቁራሪቷ «ሁለተኛ ጉልበት»

መምህርት፣ ጥያቄዎን ሳነበው ፈገግ አልኩ። ተማሪዎችዎ የእንቁራሪት አጽም ሥዕል አይተው «የኋላ እግሯ ሦስት ቦታ ነው የሚታጠፈው፤ ሁለት ጉልበት አላት እንዴ?» ብለዎታል። እርስዎ ደግሞ ከሰው አጽም ጋር እንዴት እንደሚያወዳድሩላቸውና የጎድን አጥንት ሳይኖራት እንዴት እንደምትተነፍስ ጠይቀዋል። ባዮሎጂ ሳስተምር ይህንኑ ትምህርት ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ። ለኔ የሠራልኝን ልንገርዎ።

መጀመሪያ ያን «ተመሳሳይነት» እና «ልዩነት» የሚል ሠንጠረዥ ለጊዜው ወደ ጎን ይበሉት። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተና ላይ ይገለብጠዋል፣ አለቀ። በዚያ ላይ «ሰው አለው፣ እንቁራሪት የላትም» እየተባለ ሲደረደር እንቁራሪት ተሠርታ ያላለቀች ፍጡር ትመስላለች። እውነቱ ግን ወደ ሌላው ያደላል። በእጅ፣ በእግርና በጎድን አጥንት ካየነው፣ ከጥንቱ አሠራር አብዝታ የራቀችው እሷ ነች።

ልጆቹ ራሳቸው ከእግር ስለጀመሩ እርስዎም ከዚያው ይጀምሩ። ከዳሌ ወደ ታች አንድ የጭን አጥንት አለ፤ እሷም አላት፣ እኛም አለን። ከዚያ ጉልበት ይመጣል። ከጉልበት በታች እኛ ሁለት አጥንት አለን፣ ወፍራሙ ቲቢያና ቀጭኑ ፊቡላ። እንቁራሪቷም ሁለቱም አሏት፣ ግን ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። አጥንቱን በቅርብ ካዩት ጫፎቹ ላይ የተጣበቁበት መስመር እንደ ቦይ ሰርጎ ይታያል። ልጆቹ «ሁለተኛ ጉልበት» ያሉት ከዚህ በታች ያለውን እጥፋት ነው። እሱ ቁርጭምጭሚቷ ነው። ቀጥለው የሚታዩት ሁለት ረጃጅም አጥንቶች ደግሞ በኛ እግር ውስጥም አሉ፤ አንዱ ተረከዛችን፣ ሌላው ከሱ በላይ የተቀመጠው የቁርጭምጭሚት አጥንት ነው። እኛ ዘንድ አጭርና ድንቡሽቡሽ ናቸው። እሷ ዘንድ ተስበው ረዝመው፣ እግሯ ላይ አንድ ተጨማሪ ክፍል ሆነዋል። ሦስተኛው እጥፋት ከነሱ በታች፣ የውስጥ እግሯ መሀል ላይ ነው።

ለምን ረዘሙ? ስትዘል መሬቱን የምትገፋበት ርቀት እንዲረዝም ነው። ተማሪዎቹ ጫማ አውልቀው በጣታቸው ጫፍ ይቁሙና ተረከዛቸውን ይዳስሱ። ከዚያ «ይህ ተረከዛችሁ ባታችሁን ቢያክልስ?» ብለው ይጠይቋቸው። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ ነገሩ ግን አይረሳም።

ወደ ፊት እግር ሲሄዱ እያንዳንዱ ተማሪ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍና መዳፉን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ያዙር። ይህ የሚሆነው ከክርን በታች ያሉት ሁለት አጥንቶች የተለያዩ ስለሆኑ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይዞራል። የእንቁራሪቷ ተጣብቀዋል። ቁልፍ ማዞር አያምራትም፣ ግን ዘላ ስታርፍ ክብደቷ የሚወድቀው በፊት እግሮቿ ላይ ነውና ጠንካራ ድጋፍ ትፈልጋለች። ጣት ላይም ፊት አራት፣ ኋላ አምስት ናት። እኛ በአራቱም በኩል አምስት፣ ማለትም የድሮውን ይዘን ቀርተናል።

አከርካሪው ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በአዋቂ ሰው የአከርካሪ አጥንቶች 26 ናቸው፤ አንገት 7፣ ደረት 12፣ ወገብ 5፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው ከበርካታ አጥንቶች መጣበቅ የተሠሩ ሁለት። እንቁራሪት በአብዛኛው 9 ብቻ አሏት፣ ከኋላ ደግሞ ዩሮስታይል የሚባል አንድ ረጅም ዘንግ። ይህ ዘንግ ከጅራት አንጓዎች፣ ማለትም ከጅራት የአከርካሪ አጥንቶች፣ የተሠራ ነው። የኛም የመጨረሻዋ አጥንት እንዲሁ። ስለዚህ ሁለታችንም ጅራታችንን ወደ ውስጥ ያስገባን ነን፤ ይህን የሚዘነጋ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንገቷ ላይ ያለው አንጓ አንድ ብቻ በመሆኑ ራሷን እንደኛ ወዲያና ወዲህ ማዞር አትችልም።

አሁን ወደ ትንፋሹ። የሰው ደረት የሚሰፋው በጎድን አጥንትና ደረትን ከሆድ በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራም፣ ነው። እንቁራሪት ድያፍራም የላትም፤ አብዛኞቹ የእንቁራሪት ዝርያዎችም የጎድን አጥንት የላቸውም። አየሩን በአፏ ነው የምትገፋው። የአፏን ወለል ዝቅ ስታደርግ አየር በአፍንጫዋ ይገባል፤ አፍንጫዋን ዘግታ ወለሉን ከፍ ስታደርግ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ጉሮሮዋ ሥር እርግብ እርግብ የሚለው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በቆዳዋም ትተነፍሳለች።

ጊዜ ከተረፈዎት ጆሮውን አይዝለሉት፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በኛ መካከለኛ ጆሮ ውስጥ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች አሉ። እንቁራሪቷ አንድ ብቻ ነው ያላት፣ ከኛ ሦስቱ የውስጠኛዋ አቻ። የቀሩት ሁለቱስ? በእሷ ራስ ቅል ውስጥ ያሉት የመንጋጋ ማጠፊያው ላይ ነው። የአጥቢዎች ሽል ሲያድግ እዚያው መንጋጋ ዘንድ ጀምረው የጆሮ አጥንት ይሆናሉ። ጀርመናዊው የአካል አወቃቀር ተመራማሪ ካርል ራይሸርት ይህን በ1837 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፎታል።

«የተለወጠችው እሷ መሆኗን በምን እናውቃለን?» የሚል ጎበዝ ካለ፣ ማዳጋስካር ስለተገኘው ትሪያዶባትራከስ ስለሚባለው የጥንት የእንቁራሪት ዘመድ ቅሪተ አካል ይንገሩት። ዕድሜው ወደ 250 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ራስ ቅሉ የእንቁራሪት ነው፣ ግን ከዳሌው በፊት 14 አንጓ፣ የጎድን አጥንትና አጭር ጅራት ነበረው። የክንዱና የቅልጥሙ አጥንቶችም ገና አልተጣበቁም።

እውነተኛ አጽም ለማሳየት ካሰቡ፣ እባክዎ ለዚህ ብለው እንቁራሪት አያስገድሉ፤ ሞታ የተገኘች ትበቃለች። ጓንት ያድርጉ፤ የጓጉንቸር ከዓይኗ ኋላ ያሉት እጢዎች መርዝ አላቸው። ቆዳዋንና ሆድ ዕቃዋን አውጥተው፣ ቀዳዳ በበዛበት ቆርቆሮ ውስጥ ጉንዳን ወዳለበት ያኑሯት፤ ድመት እንዳይገለብጠው ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫኑበት። አይቀቅሏት፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይለያያል። ለማንጣት በረኪና አይጠቀሙ፣ አጥንቱን ይበላዋል፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሻላል። የእግሮቿን ጫፍ አስቀድመው በሻሽ ላላ አድርገው ይጠቅልሉ፣ አለዚያ የጣቶቹን አጥንቶች ጉንዳኖቹ ይዘዋቸው ይሄዳሉ።