ፈተና ላይ «ሃይማኖት የማኅበረሰብ ፈጠራ ነው» ብዬ ብጽፍ ካድኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። በዚህ መንፈቅ ዓመት «ሃይማኖት የማኅበረሰብ ፈጠራ ነው» የሚል ትምህርት እየተማርን ነው። ለፈተናም ያንኑ መጻፍ አለብኝ፤ ስጽፈው ግን እምነቴን የካድኩ ያህል ይሰማኛል። ጓደኛዬ ቆላስይስ 2፥8ን አንብባልኝ «ይቅርብሽ፣ ተይው» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ትምህርትሽን አትተዪ። ጥቅሱን ግን ደግመሽ እዪው። ሐዋርያው በፍልስፍና «ማንም እንዳይማርካችሁ» አለ እንጂ አታንብቡ አላለም። እሱ ራሱ በአቴና ሲሰብክ «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለውን ከግሪክ ባለቅኔ ነው የጠቀሰው (ሐዋ. 17፥28)። ስንኙ አራቶስ የግሪኮችን ዋና አምላክ ዜውስን በማወደስ በጀመረው ግጥም ውስጥ ይገኛል። ጳውሎስ ግጥሙን ባያውቀው ኖሮ ከየት ያመጣው ነበር?

አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ። ቅዱስ ባስልዮስና ነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስ ወጣት ሳሉ የተማሩት በአቴና ነው። በ355 እ.ኤ.አ. ኋላ የሮም ንጉሥ ሆኖ ክርስትናን የካደው ዑልያኖስም እዚያው ተማሪ ነበር። ይህ ሰው በነገሠ በዓመቱ፣ በ362 እ.ኤ.አ.፣ ክርስቲያን መምህራን የግሪክን ሥነ ጽሑፍ እንዳያስተምሩ ከለከለ። ጎርጎርዮስ በዚህ ክፉኛ ተቆጥቶ ጽፎበታል። ጓደኛሽ በቅንነት ነው የመከረችሽ፤ ምክሯ ግን ሳታስበው ከዑልያኖስ ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። «ኤሚል ዱርካይም እንደሚለው…» ብለሽ ከጀመርሽ የጻፍሽው የዚያን ፈረንሳዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሐሳብ ነው፤ አንቺ አልካድሽም። ይልቅ ስላልወደድሽው ብቻ አጣመሽ ብታቀርቢው ነው ነውሩ፤ «በሐሰት አትመስክር» የተባለው ከእኛ ጋር ለማይስማማውም ሰው ነው። (እኛ አስተማሪዎችም በዚህ ንጹሓን አይደለንም። መጽሐፉን ሳንገልጥ ከመድረክ ላይ ስንቱን ፈላስፋ እንዳወገዝን እናውቀዋለን።)

ዱርካይም የረቢ ልጅ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ማኅበረሰብ በተቀደሱ ምልክቶቹ አማካይነት የሚያከብረው ራሱን ነው ይላል። ይህ ከቶ አይሆንም አትበዪ፤ ይሆናል። ኢሳይያስ 44ን ክፈቺ፦ ሰውዬው ዛፍ ይቆርጣል፣ በግማሹ እሳት አንድዶ ሥጋ ይጠብሳል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ በቀረው ጣዖት ሠርቶ «አምላኬ ነህና አድነኝ» ይለዋል። ሰው የሠራውን ሃይማኖት ሶሲዮሎጂ ሳይወለድ ነቢያት አጋልጠውታል።

የማልስማማው ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው እግዚአብሔር የለም» ለሚለው ነው። እኔ የማባዣ ሠንጠረዥን የተማርኩት አለንጋ ፈርቼ ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው ብዬ ያመንኩት መምህሩን ስለፈራሁ፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ስለሚጮህ ነበር። ለምን እንዳመንኩ ሶሲዮሎጂ በሚገባ ያስረዳሻል። ሃምሳ ስድስት መሆን አለመሆኑን ግን ለማወቅ ማባዛት አለብሽ። እምነት ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድና የሚታመነው ነገር እውነትነት ሁለት ጥያቄ ናቸው፤ ሶሲዮሎጂ በደንብ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። «የራስሽን አቋም ጻፊ» የሚል ከመጣ ይህንኑ ከነምክንያቱ ጻፊው፤ ጥቅስ መደርደር አያስፈልግሽም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ዱርካይምን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እያነበብሽ ሃይማኖትሽን በስምንት ዓመትሽ በሰማሽው ልክ ከያዝሽ ሚዛኑ አንድ ወገን ያጋድላል። ያን ጊዜ ትምህርቱ እምነትሽን ያሸነፈ ይመስልሻል፤ የተጋጠሙት ግን አዋቂና ሕፃን ናቸው። ባስልዮስ ወጣቶች የግሪክን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንዳለባቸው የጻፋት ድርሳን አለች፤ አንባቢን ከአበባ መርጣ በምትቀስም ንብ ይመስለዋል። ከፈተናው በፊት ፈልገሽ አንብቢያት። አጭር ናት፣ በአንድ ምሽት ትጨርሻታለሽ።