የተቀዳ ጥያቄ ነጥብ ያሰጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የጥያቄና መልስ ክበብ ተጠሪ ነኝ። በቅርቡ የከተማችን ጥቂት ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም ተወዳድረው ነበር። እያንዳንዱ ቡድን የተጋጣሚዎቹን ጥያቄ ይመልሳል፤ ራሱም 30 ጥያቄ አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ለጥያቄዎቹ ጥራት ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። የእኛ ልጆች አንደኛ ወጡ። በማግስቱ ሁለተኛ የወጣው ቡድን ከ30ዎቹ 17ቱ ከአንድ ቻናል ቃል በቃል እንደተገለበጡ በስክሪንሾት አሳየ። ግሩፑ ላይ «ሌቦች»፣ «የ2008ቱ ፈተና ሰራቂዎች ታናናሾች» ተባሉ። ልጆቹ ደግሞ «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማሸነፉ የማን የግል ንብረት ነው?» ብለው ይሟገታሉ። አንዲት እናት «ልጄ ዋንጫውን ከተቀማ ትምህርት ቤቱን ይለቃል» ብለውኛል። ስክሪንሾቶቹን አያይዣለሁ። ምን ላድርግ?
ተጠሪው መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ የላኩልኝን አንድ በአንድ አየሁት። ልጆችዎ የሚሉት ግማሹ ትክክል ስለሆነ ከዚያ ልነሣ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉ የማንም ንብረት አይደለም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሐሳብን፣ ግኝትንና ተራ መረጃን በባለቤትነት አያስይዝም። ጥበቃ የሚሰጠው ሰው አስቦ፣ ቀርጾ ላወጣው ሥራ ነው።

በዚህ ነገር አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ክርክር ነበር። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል ሰው የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ የሚቀዳውን ሰው ለመያዝ አንድ የፈጠራ መረጃ ሆን ብሎ ውስጡ ቀበረ። ኮሎምቦ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ መርማሪ የመጀመሪያ ስሙ «ፊሊፕ» ነው ብሎ ጻፈ። ትሪቪያል ፐርስዩት የተባለው የጥያቄና መልስ ጨዋታ ይህንኑ «ፊሊፕ»ን መልስ አድርጎ ይዞ ወጣ። ዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። የጨዋታው አዘጋጆች መጽሐፉን ከምንጮቻቸው እንደ አንዱ መጠቀማቸውን አልካዱም፤ ፍርድ ቤቱ ግን መረጃ ባለቤት የለውም ብሎ ለእነሱ ፈረደ፤ በይግባኝም እ.ኤ.አ. በ1987 ጸና። ይህን የምነግርዎ ልጆቹ አንድ ቀን በይነመረብ ላይ አግኝተውት ይዘውልዎት ስለሚመጡ ነው። ሲመጡ አንድ ነገር ያሳዩአቸው፤ ጨዋታው የወሰደው መረጃውን ነው፣ የእናንተ ቡድን ግን ጥያቄውን ከነምርጫው፣ ከነቅደም ተከተሉ ነው ያነሣው።

ጥያቄ 11ን ይመልከቱ። «አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በስንት ዓ.ም. ነው? ሀ. 1949 ለ. 1953 ሐ. 1957 መ. 1961»። ቻናሉም ላይ፣ የልጆችዎ ወረቀት ላይም መልሱ «ለ» ነው። ምርጫዎቹን ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። 1949 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችበት ሜልቦርን ነው። 1957 አበበ ድሉን የደገመበት ቶኪዮ፣ 1961 ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ሜክሲኮ። በዘፈቀደ የተበተኑ ቁጥሮች አይደሉም። ወሬውን ብቻ የሰማ ተማሪ ይወድቅባቸዋል፣ ታሪኩን ያነበበ ይለያቸዋል። ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር በየዓመቱ የክፍል ለክፍል ውድድር ጥያቄ አወጣ ስለነበር አውቀዋለሁ፤ ትክክለኛውን መልስ መጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ምሽቱን የሚፈጁት ሦስቱ የተሳሳቱ መልሶች ናቸው። ያ ምሽት ባለቤት አለው፤ ስሙን ባናውቀውም።

ሰውየው ግን አንድ ቦታ ስቷል። ሜልቦርን፣ ቶኪዮና ሜክሲኮ ከእኛ አዲስ ዓመት በኋላ ስለተካሄዱ ከፈረንጆቹ ዓመት 7 ሲቀነስ ልክ ይመጣል። የሮሙ ማራቶን የተሮጠው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ የሚቀነሰው 8 ነው። እንግዲህ ከአራቱ ምርጫዎች ትክክለኛ መልስ የለም። ይህን ስህተት ማንም ተማሪ ራሱ አስልቶ ሊሳሳት ይችላል። ከነዚያው ምርጫዎች፣ በዚያው ተራ፣ «ኦሎምፒክ»ን «ኦሎፒክ» ብሎ ጭምር ከሆነ ግን መገልበጡ አያጠያይቅም።

እኔን ከሁሉ ያሳዘነኝ፣ ከተማውን ሁሉ በልጦ ዋንጫ ያነሣ ቡድን ውስጥ አንድም ልጅ ቀኑን ለማጣራት አለመሞከሩ ነው። ቴሌግራም ላይ ጥያቄውን ፎርዋርድ ቢያደርጉት የቻናሉ ስም ከላይ ይታይ ነበር። ስሙ እንዳይታይ አንድ በአንድ ቀድተው እንደ አዲስ ለጥፈውታል። «አላወቅንም» የሚለውን ነገር እዚህ ላይ አልቀበልም፤ እርስዎም አይቀበሏቸው።

የ2008ቱ ስድብ ግን ይነሣ። ያኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል፤ የስንት ልጅ ዓመት ተናግቷል። እነዚህ ልጆች የተጋጣሚን መልስ አስቀድመው አላዩም። የሰውን ድካም የራሳችን ነው ብለው ነጥብ ወስደውበታል። ጥፋት ነው፤ ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ የማይገባውን ስም መለጠፍ ራሱ በደል ነው። ያን የጻፉት ልጆች እንዲያጠፉት ተጠሪያቸውን ዛሬውኑ ያነጋግሩ።

ወደ ውሳኔው ስመጣ፣ ዋንጫውን በደፈናው አያስመልሱ፣ በደፈናውም አይተዉት። ከዳኞች ጋር ተቀምጣችሁ ነጥቡን ለሁለት ክፈሉት። የተጋጣሚን ጥያቄ በመመለስ ያገኙት በጭንቅላታቸው ያመጡት ስለሆነ ይቆይላቸው። ለ17ቱ የተሰጠው የጥራት ነጥብ ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ፣ 13ቱም ከየት እንደመጡ ይጣራ። ከዚያ ድምሩ የሚለውን ተቀበሉ። ሁለተኛው ቡድን 30ውንም ራሱ ጽፎ ከሆነ የጥያቄ ዝግጅት ሽልማቱ በስሙ ይነገርለት፤ በዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ የተረሱት እነሱ ናቸው።

ልጆቹን ግሩፕ ላይ አይጥሯቸው። አንድ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ያስቀምጧቸውና ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «ያመጣው እገሌ፣ ከዚህ ቦታ» ብለው በእጃቸው ይጻፉ። አንዱ ገልብጦ ሌሎቹ ሳያውቁ ፈርመው ሊሆን ይችላል፤ ቅጣቱ ሁሉም ላይ እኩል ከወረደ ያልሠራው ልጅ ሁለተኛ አያምንዎትም። ለቻናሉ ባለቤትም ይቅርታ ጽፈው ይላኩ፤ የጥያቄ 11ን ስህተት አብረው ቢነግሩት ያመሰግናቸዋል። ስታስታውቁ ግን «ከእገሌ የተሰረቀ» አትበሉ፤ እሱም ከሌላ ቀድቶት ሊሆን ስለሚችል «አስቀድሞ በዚህ ቻናል ላይ የወጣ» ይበቃል።

እናትየዋን ደግሞ ውሳኔው ከመነገሩ በፊት ጠርተው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያሳዩአቸው። ልጃቸው የትኞቹን ጥያቄዎች በትክክል እንደመለሰም ይንገሯቸው። እናት የልጇን ጥፋት ብቻ ስትሰማ ትቆጣለች፤ ልፋቱንም አብራ ስትሰማ ታዳምጣለች።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚለወጥ ደንብ አለ። አዘጋጆቹ «30 ጥያቄ» ብለው ምንጭ አለመጠየቃቸው በር ከፍቷል። ከየጥያቄው ሥር መጽሐፍና ገጽ፣ ወይም የተጠየቀው ሰው ይጻፍ። ከ30ው 10ሩ ስለ ራሳችን ከተማ ይሁን፤ የትም ቻናል ላይ ተሰልፎ አይጠብቃቸውም። ልጆቹ ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ይዩ፣ እንጨቱ እንዴት እንደተሠራ ጠባቂውን ይጠይቁ። ሂርማታ ገበያ ገብተው የታጠበ ቡና ከደረቁ በምን እንደሚለይ ነጋዴውን ያናግሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው እንደሆነ ስንቱ ተማሪ ያውቃል? ከዚህ አንዱ ብቻ ስንት ጥሩ ጥያቄና ስንት ጥሩ የተሳሳተ ምርጫ ይወጣዋል!

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለክበባችን ጥያቄ ቻትጂፒቲ ቢያወጣልኝ እንደ መቅዳት ይቆጠራል?
ከጅማ፣ ኮቺ

መልስ፦ ደንቡ «ራሳችሁ አዘጋጁ» የሚል ከሆነ አዎ፤ የራስሽ ያልሆነውን የራሴ ነው ብለሽ ታቀርቢያለሽና። ለልምምድ ከሆነ ጠይቂው፤ ያወጣሁት በእሱ ነው ብለሽ ለተጠሪሽ ንገሪ። ግን ዓመተ ምህረትና ስም ሲሰጥሽ ሳታጣሪ አትመኚ። በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ነገር ይናገራል፤ ውድድር ላይ ስትቆሚ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ያላገኘሽውን ጥያቄ ተይው፣ ሌላ አውጪ። ከወጣልሽ ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው ዕትም በስምሽ አወጣዋለሁ።