ሳይቶካይንና የመገጣጠሚያ ብግነት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሳይቶካይን ምንድን ነው? ከቁርጥማት ጋርስ ምን አገናኘው?

ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ጥቃቅን ፕሮቲን ነው። አንዱ ሴል ይለቀዋል፤ ሌላው በተቀባዩ ይይዘውና ሥራውን ይቀይራል። "ቁርጥማት" ግን የብዙ በሽታ የጋራ ስም ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጓ የሚያጠቃበት በሽታ) ነው፤ እሱ ደግሞ ሪህም አይደለም፣ ብርድ ስለመታም አይመጣም።

ጥያቄ፦ አንጓው ውስጥ በትክክል ምን ይካሄዳል?

የጣት አንጓን እንውሰድ። ከውስጥ የሚያለብሰው ሲኖቪየም የሚባል ስስ ሽፋን በጤናማ ሰው ውፍረቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴል አይበልጥም። ሕመሙ ሲነሳ እዚያ ያሉ ማክሮፋጆች (ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ቲኤንኤፍ የተባለውን ሳይቶካይን ይረጫሉ። ቲኤንኤፍ የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ ያጣብቀዋል፤ በደም የሚያልፉ ነጭ ሴሎች እዚያ ተይዘው ወደ አንጓው ይገባሉ። ፋይብሮብላስት የተባሉት የሽፋኑ ገንቢ ሴሎችም ይቀሰቀሱና ኢንተርሉኪን 6 የተባለውን ሌላ ሳይቶካይን እንዲሁም ልም አጥንትን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያመርታሉ። ሽፋኑ ወፍሮ በልም አጥንቱ ላይ እየተሳበ ይወጣል። በዚህ መሐል ራንክል የተባለው መልእክት ኦስቲዮክላስቶችን ይፈለፍላል፤ እነሱ አጥንቱን ከጠርዙ ይበሉታል። በራጅ ላይ ጫፉ የተነከሰ የሚመስለው ይኸው ነው። እብጠት በመድኃኒት ይጎድላል፤ የተበላ አጥንት ግን እንደ ነበረ አይመለስም። ሕክምናው ቶሎ ይጀመር የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መልእክተኞቹ ብዙ ከሆኑ ቲኤንኤፍን ብቻ መዝጋት እንዴት ይሠራል?

ጥርጣሬው ያኔም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን ውስጥ ፊዮኑላ ብሬናን፣ ራቪንደር ማይኒና ማርክ ፌልድማን ከታማሚ አንጓ የተወሰዱ ሴሎችን በሳህን አሳድገው ቲኤንኤፍን ሲዘጉ ኢንተርሉኪን 1 የተባለው ሌላ መልእክተኛም አብሮ ወረደ። ቲኤንኤፍ ከላይ ሆኖ ሌሎቹን ያዛል ማለት ነው። በ1992 በሰው ላይ ተሞከረ፤ ቲኤንኤፍን የሚዘጋው መድኃኒት ኢንፍሊክሲማብ ለዚህ በሽታ የበቃው ከዚያ ነው። ታዲያ ሁለቱንም በአንድ ላይ ብንዘጋስ? ቲኤንኤፍን የሚዘጋው ኢታነርሴፕትና ኢንተርሉኪን 1ን የሚዘጋው አናኪንራ በአንድነት ተሰጥተው ታይቷል፤ ጥቅሙ አልጨመረም፣ ከባድ ኢንፌክሽን ግን በዛ። ቲኤንኤፍን መዝጋት የማይረዳቸው ታማሚዎችም አሉ፤ ያኔ መድኃኒት መደረብ ሳይሆን ወደ ሌላ መንገድ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ሲአርፒ (በደም የሚለካ የብግነት ምልክት) ከፍ ብሎ፣ ደም ማነስም ተገኝቶ፣ የብረት ክኒን ለምን አላነሳውም?

የኢንተርሉኪን 6 ሥራ ነው። ጉበት ደርሶ ሲአርፒ ያስመርታል፤ ብረትን የሚቆጣጠረውን ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞንም ያስጨምራል። ሄፕሲዲን ብረቱን ማከማቻው ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ከአንጀት የሚገባውንም ይቀንሳል። ፈሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ) ይታይ፦ መደበኛ ወይም ከፍተኛ ሆኖ በደም የሚዘዋወረው ብረት ዝቅ ካለ፣ መፍትሔው በዋናነት ብግነቱን ማብረድ ነው። ኢንተርሉኪን 6ን የሚዘጋውን ቶሲሊዙማብ የሚወስድ ሰው ላይ ግን ሲአርፒ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ኢንፌክሽንን ሊደብቅ ይችላል፤ "ሲአርፒው ጥሩ ነው" ብሎ መዝናናት አይገባም።

ጥያቄ፦ ቲኤንኤፍን ከሚዘጋ መርፌ በፊት የቲቢ ምርመራ ለምን?

የተኛን የቲቢ ባክቴሪያ ከብበው የሚያስሩት ሴሎች ግንባቸውን የሚያጸኑት በቲኤንኤፍ ነው። እሱ ሲዘጋ ግንቡ ይፈርሳል። ቲቢ በተስፋፋበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ሊዘለል አይገባም፦ የደረት ራጅ፣ ከቆዳ ወይም ከደም ምርመራ ጋር። ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ) የሚወስድ ሰው የቆዳ ምርመራው በሐሰት ነጻ ሊል ይችላል። የተኛ ቲቢ ከተገኘ መከላከያው አብዛኛውን ጊዜ ከመርፌው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይጀመራል። ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይታይ። ከተጀመረም በኋላ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ሳል ባይኖርም ይመርመሩ፤ እዚህ ላይ ቲቢው ከሳንባ ውጭ መነሳት ያበዛል።

ጥያቄ፦ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴትስ እንዴት ይወሰዳል?

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ! ባለ 2.5 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ 15 ሚሊግራም ማለት በዚያ ቀን 6 ክኒን ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው አፉ ይቆስላል፣ መቅኔው ደም ማምረት ያቆማል፣ ሊሞትም ይችላል። ቀኑን ካርቶኑ ላይ ይጻፉት፦ "ሰኞ"። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን። እርግዝና ካሰቡ አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ቶፋሲቲኒብ ክኒን ሆኖ ሳለ እንደ መርፌው ይሠራል?

የሚዘጋው ሌላ ቦታ ነው። ኢንተርሉኪን 6 መልእክቱን ሴል ውስጥ የሚያስተላልፈው በጃክ ኢንዛይሞች በኩል ነው፤ ክኒኑ የሚይዘው እነሱን ነው። የተለመደው መጠን 5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ። አልማዝ ባለጭራ ከመርፌዎቹ ይልቅ በዚህ ይበዛል፤ ዕድሜው ለገፋና ለሚያጨስ ሰው ደግሞ የልብ አደጋው ስላለ ሐኪሙ መጀመሪያ ሌላ አማራጭ ቢያይ ይሻላል።