ኢንሱሊን መውጋት እምነት ማጣት ነውን? ለዓመታት ቸል የተባለ የስኳር ሕመምን ስለ መከታተል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው የስኳር ሕመም እንዳለብኝ የታወቀው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነበር። መጀመሪያ እናቴ ትከታተለኝ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ግን ጓደኞቼ እንዳያዩኝ እየተደበቅሁ፣ መርፌውን አንድ ቀን እየወጋሁ አንድ ቀን እየተውሁ፣ ቀጠሮዬንም እየዘለልሁ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ክረምት ራሴን ስቼ ሆስፒታል ገባሁ። አሁን ዓይኔ ይደበዝዛል፤ እግሬም ይደነዝዛል። ሐኪሙ ክትትሉን እንደ አዲስ እንድጀምር ነግሮኛል፤ አክስቴ ደግሞ መርፌውን ትቼ በፍልሰታ ሱባኤ እንድገባና በጠበል ብቻ እንድድን ትመክረኛለች። ዕድሜ ልክ ኢንሱሊን መውጋት እምነት ማጣት ነውን? መጾምና መቁረብስ እችላለሁ? በራሴ ላይ ያደረስሁት ጉዳት ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርብኛልን? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችንም አማላጅነት አይለይሽ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለሽ ብታነቢው ግድ የለም፤ ይህን ግን ዛሬውኑ ያዢልኝ፦ መርፌውን አትተዪ። በጠበል ቦታም ሆነ በሱባኤ፣ ንስሐ አባት የሰጠሽ ቀኖና ነው ተብሎ እንኳ ቢነገርሽ አትተዪ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ሰውነት ውስጥ፣ በሽታን እንዲከላከል የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ኢንሱሊን ለአንቺ ተጨማሪ መድኃኒት አይደለም፤ ለማንኛውም ሰው ሕይወት የሚያስፈልግ፣ በአንቺ ሰውነት ውስጥ ግን የጎደለ ነገር ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ከተሰጠበት ከ1922 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ይህ ሕመም የያዛቸው ልጆች በየትም አገር ቢሆኑ እየከሱ፣ ብዙ ሳይቆዩም ይሞቱ ነበር። ዛሬም መርፌው ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ሞት በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ባለፈው ክረምት የደረሰብሽን አንቺው ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። እኔ ሁልጊዜ ልብ የምለው በዚያ ምዕራፍ ያለውን ቅደም ተከተል ነው። የታመመው ሰው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከኃጢአት እንዲርቅ፣ መባውን እንዲያቀርብ ይነግረውና ወዲያው ለባለ መድኃኒት ስፍራ እንዲሰጥ ያዘዋል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረውም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እያለቀሰ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተአምሩ ተስፋ ከተሰጠ በኋላ መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር፤ ጌታችንም ራሱ «ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም» ብሏል።

በቅርቡ ዘመንም ቢሆን ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር ዝም አላለችም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጀምረው ጠበል ስንገባ እናቋርጠው ወይ እያሉ ብዙዎች በተጨነቁበት ጊዜ፣ ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናግረዋል። የዕለት መርፌ ለሚያስፈልገው ሰው ነገሩ ከዚያም ይብሳል፤ በአንቺ ሕመም የአንድ ሳምንት መቋረጥ እንኳ ይገድላልና። «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚለው ቃል የሚያስጠነቅቀን፣ እግዚአብሔር የሰጠንን ጥለን ሌላ እንዲሰጠን ከማስገደድ ነው። መርፌውን ስትወጊ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፤ የዕለት እንጀራችንን ስጠን የምትዪበት ጸሎት ለዚህ ይስማማል።

ወደ ጠበሉ ሂጂ፤ አልከለክልሽም። ነገር ግን ኢንሱሊንሽን፣ የስኳር መለኪያሽን፣ የሚበላም ይዘሽ ሂጂ፤ ለአጥማቂው ካህንና አብሮሽ ለሚሄደው ሰውም ሕመምሽን አስቀድመሽ ንገሪ። ይህን አጥብቄ የምለው ስለ አንድ አደገኛ ስሕተት ነው። ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ ይቀባዥራል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ኢንሱሊን ሲጎድል ደግሞ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ትንፋሽ በኃይልና በፍጥነት ይወጣል፣ ከአፍም የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ሁለቱንም በጠበል ቦታ ያየ ሰው ርኩስ መንፈስ ጮኸ ሊል ይችላል፤ ስኳር መላስ ወይም ሆስፒታል መድረስ የሚገባት ልጅም ውኃ ሲፈስስባት ጊዜዋ ያልፋል። ማስመለስ፣ የማይቆም ጥምና የትንፋሽ መክበድ በአንድነት ከመጡ ጠበሉን ለነገ አቆይተሽ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ምግብ አልበላልሽ ባለበት በሕመም ቀንም ኢንሱሊኑ ይቀነስ ይጨመር እንደ ሆነ ሐኪም ይወስናል እንጂ አይቆምም። አክስትሽን ግን አትቈጪያት፤ የተናገረችው ከፍቅር ነው። አንድ ቀን ቀጠሮሽ ላይ ይዘሻት ግቢና ከሐኪሙ አፍ ትስማ።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ ሁለት ነገሮችን ለይቼ ልመልስልሽ። ሕመሙ ኃጢአትሽ አይደለም፤ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አልሠሩም ብሎ መልሷል። የዓመታቱ ቸልታ ግን ንስሐ የሚገባበት ነገር ነው፤ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነውና። ይህን የምልሽ ሸክም ልጨምርብሽ አይደለም። ቸልታሽ ከንቀት እንዳልመጣ ደብዳቤሽ ይናገራል፤ ማፈር፣ በሰው ዘንድ «በሽተኛ» መባልን መፍራት፣ በየቀኑ መወጋት የሚያመጣው መሰልቸት፣ ምናልባትም የገንዘብ ችግር ተደራርበውብሻል። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ያውቃል። በዓቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ የምናስበው መፃጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ነበር፤ ጌታችን በመጣ ጊዜ እስከ ዛሬ ምን ስትሠራ ኖርህ አላለውም፤ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው እንጂ። ኋላም በመቅደስ ሲያገኘው ከዚህ የሚብስ እንዳይሆንብህ ብሎ ወደ ፊቱን አሳሰበው። አንቺም ያለፈውን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪና ተፈቺ፤ ተስፋ መቁረጥ ግን ከቸልታው ይልቅ የሚያስፈራኝ ነገር ነው፤ «አንዴ ተበላሽቷል» የሚል ሰው መርፌውን ለመተው ሌላ ምክንያት አያስፈልገውምና።

በዚህ ላይ የብዙ ሰው ጥፋት የሚጀምረው ከቸልታ በተመለሰበት ሳምንት ነው። ልቡ የተሰበረ ሰው የአምስት ዓመቱን በአንድ ወር ልካሰው ይላል፤ ምግብ ይቀንሳል፣ መጠኑን በራሱ ይጨምራል። ንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የተነሳሒውን አቅም እንደሚመለከት፣ ለደካማ መቶ ስግደት አዝዞ እንደማያደክመው፣ ሐኪምም ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረን ስኳር በደረጃ ያወርደዋል። ይህ ለማባበል አይደለም። ስኳሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኃይል ከወረደ ቀድሞ የተጎዳው የዓይን መረብ ለጊዜው ሊብስበት፣ የእግር ነርቭም ብርቱ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። በአሜሪካና በካናዳ ከ1,400 በላይ ዓይነት አንድ ሕመምተኞችን ለዓመታት ተከታትሎ ውጤቱ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ታላቅ ጥናት ሁለቱንም አሳይቷል፤ ስኳራቸውን አጥብቀው ከያዙት አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ዓመት ዓይናቸው ትንሽ ብሶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳት ካላጠበቁት ይልቅ በእጅጉ አነሰላቸው። ስለዚህ መጠኑ መጨመር ሳይጀምር ዓይንሽ በጠብታ ተከፍቶ ይታይ፤ ኩላሊትሽም በሽንትና በደም ይመርመር። ስኳሩ ሲወርድ ዕይታሽ ለሳምንታት ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ መነጽር ለማሠራትም እስኪረጋ ታገሺ።

የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ለአብዛኛው አዋቂ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ ይህ ግን መድረሻው ነው። ከ12 ወደ 10 ቢወርድ እንኳ ለዓይንሽና ለኩላሊትሽ ትልቅ ነገር ነው። ሰውነትሽ ከፍታውን ስለለመደ ስኳርሽ ገና ደኅና ሳለ የወረደ መስሎ ያንቀጠቅጥሽ ይሆናል፤ ስለዚህ በስሜት ሳይሆን በመለኪያ ፍረጂ። በመለኪያው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ካየሽ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግመሽ ለኪ።

ወደ ክትትል ክፍሉ ስትመለሺ ስለምትናገሪው ነገር እለምንሻለሁ። የጎንደር ሆስፒታል በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያስተምር የኖረ ቤት ነው፤ መርፌ ዘልሎ የመጣ ሰው አይተው አያውቁም ብለሽ አትፈሪ። «በየቀኑ እወጋለሁ» ብለሽ ብትዋሺ ሐኪሙ መጠኑ አነሰ ብሎ ይጨምርልሻል፤ ያን በእውነት በወጋሽ ቀን ስኳርሽ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ውሸቱ በዚህ ቦታ ነፍስ ያጠፋል። ስንት ቀን እንደዘለልሽ፣ ለምን እንደዘለልሽ፣ ለመግዛት የቸገረሽ እንደ ሆነም ተናገሪ። የምትወጊበትንም ቦታ አሳዪ፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲወጋ ቆዳው ያብጥና መድኃኒቱ በደንብ አይሰርጽም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በረዶ ከያዘው ይጣላል። የተከፈተው በቤት ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ይህ አይከብድም፤ ወደ መተማ ቆላ ስትወርጂ ግን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። መንገድ የሚዘጋበት ቀን ሊመጣ ስለሚችልም አንድ ብልቃጥ ትርፍ ይኑርሽ። ለእጮኛሽ ወይም ወደ ፊት ለምታገቢው ሰው አትደብቂ፤ ከመፅነስሽ በፊት ስኳርሽ መስተካከሉ ለሕፃኑ እጅግ ያስፈልጋልና።

ስለ ጾም እንዲህ እልሻለሁ። ጾማችን የምግብ ዓይነትም የሰዓትም ጾም አለው። የዓይነቱ ጾም ለአንቺ ጉዳት የለውም፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለስኳር ሕመምተኛ መልካም ምግቦች ናቸው፤ የምትጠነቀቂው ከእንጀራው፣ ከዳቦውና ከድንቹ ብዛት ነው። የሰዓቱ ጾም ግን ሌላ ነው። ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ስኳርን ይጥላል፤ መርፌውን ላለመውጋት ብሎ መጾም ደግሞ ባለፈው ክረምት ወደ ወደቅሽበት ይመልሳል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ የታመመውን ከጤናማው ለይቶ ያየዋል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ፍልሰታን በጾም ምግብ፣ ሰዓት ሳትጠብቂ፣ መርፌሽንና ገበታሽን አስተባብረሽ ጹሚ፤ ይህንንም ከንስሐ አባትሽ ፈቃድ ጋር አድርጊው። ቆሎ ብቻ እየቆረጠሙ መሰንበት ለአንቺ አይሆንም። ስኳርሽ ከረጋ በኋላ ሰዓቱ ይጨመር እንደ ሆነ ሐኪሙና ንስሐ አባትሽ ይነጋገሩበት።

ለመቁረብ የእሑድ ቅዳሴን ምረጪ፤ ማልዶ ስለሚፈጸም የ18 ሰዓቱ ጾም በአብዛኛው በሌሊት ያልፋል። የማታውን መጠን ግን አስቀድመሽ ለሐኪምሽ ነግረሽ አስተካክዪ። መርፌ ምግብ አይደለምና ከቁርባን አያግድሽም፤ የጣት ደም መለካቱን ከቤት ሳትወጪ ጨርሺ። ሌሊት ስኳርሽ ከወረደ ሳታመነቺ ስኳሩን ጠጪ፤ በዚያ እሑድ ሳትቆርቢ ብታስቀድሺ በደል አይደለም፤ በሚቀጥለው እሑድ ትቀርቢያለሽ።

እግርሽ ከደነዘዘ በኋላ ባዶ እግር መሄድ ይጎዳሻል። ጫማ አውልቀሽ ስትገቢ ንጹሕ ካልሲ አድርጊ፤ በባዶ እግር የመሳለም ስእለት ካለብሽ ንስሐ አባትሽ በሌላ ይለውጥልሽ። ማታ ማታ ውስጥ እግርሽን በብርሃን ተመልከቺ፤ የማታውቂው እሾኽ ወይም ቍስል ካገኘሽ እስኪያምሽ አትጠብቂ። ማኅሌት በሚቆምበት ሌሊት በነጠላሽ ጫፍ ስኳር ወይም ከረሜላ ቋጥረሽ ያዢ፤ አጠገብሽ ለምትቆመው እኅትም «ያልበኝ ወይም ብቀባዥር ይህን አፌ ውስጥ አድርጊልኝ፤ ራሴን ከሳትሁ ግን በአፌ ምንም ሳትጨምሪ ወደ ሆስፒታል አድርሺኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያት።