ፕሪድኒሶሎኑን በድንገት አታስቁሚያት

ከአጋሮ የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የታናሽሽ ጆሮና አፍንጫ እየቀላ ያብጣል። ሐኪሞቹ ሪላፕሲንግ ፖሊኮንድራይቲስ ብለዋታል። አሁን ፕሪድኒሶሎኑ (እብጠትና ቁጣን የሚያበርደው የስቴሮይድ መድኃኒት) ፊቷን ስላሳበጠው ታቁም ወይ ነው ያልሽው። በድንገት አታቁም! እኔም ጅማ ሆኜ የምታከመው ይህንኑ ነው።

በሽታው ሰውነት የገዛ ካርቲሌጁን፣ ማለትም ጆሮንና አፍንጫን ቅርጽ የሚሰጠውን ለስላሳ አጥንት፣ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጆሮዋ ሲቀላ ሎቲ የሚንጠለጠልበት ጫፍ ደህና መሆኑን አስተውለሻል? እዚያ ካርቲሌጅ ስለሌለ ነው። እኔን አንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው እያለ አንቲባዮቲክ ሲቀያይርልኝ ከርሟል። በኋላ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ይህቺን ጫፍ አይታ ጠረጠረች። በደም ምርመራ ብቻ የሚረጋገጥ በሽታ አይደለም። የሥጋ ደዌም ጆሮና አፍንጫ ስለሚነካ ያንን ቢያጣሩ አትደንግጪ።

ፕሪድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረቱን ይተዋል። በአንዴ ከተቋረጠ የደም ግፊቷ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። በሽታውም ሊያገረሽ ይችላል። ሐኪሟ ቀስ በቀስ ይቀንስላት፤ ፊቷም መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ጠዋት፣ ምግብ ቀምሳ ትዋጠው። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ስለ ሰዓቱ ታማክር። መድኃኒቱ የተኛ ቲቢ ስለሚቀሰቅስ፣ ካልተመረመረች ጠይቁ።

ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ከጨመሩላት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። በየቀኑ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል፤ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቡበት። መውለድ ካሰበችም አስቀድማ ትናገር፤ ለጽንስ አደገኛ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያየው ጆሮዋን ነው። የምፈራላት ግን መተንፈሻ ቱቦዋን ነው፤ እሱም የተሠራው ከካርቲሌጅ ነው። ድምጿ ከጎረነነ፣ ጉሮሮዋ ከፊት ሲነካ ካመማት፣ ስትተነፍስ ሲር ሲር ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ማታ ከአጋሮ ጅማ መኪና እንደ ልብ አይገኝም፣ ስለዚህ ሳይመሽ ውጡ። ዓይኗ ቀልቶ ካመማትም እንዲሁ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ስለ ጆሮዋ አታውሩ፤ «ትንፋሽ አጠራት» በሉ። የበሽታውን ስምና የምትወስደውን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳዋ ውስጥ አድርጉ። ተረኛው ሐኪም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይቶ ላያውቅ ይችላል።